ስኳር በውሃ

ኡሙልኸይር መኪና ነድታ አታውቅም። ያኔ ሪያድ ውስጥ ሴት መሪ አትይዝም ነበር። ሆኖም በዚያ ቤት መኪና የገዛችው እሷ ናት። ባሏ ሀይደር ይህን ሲያወራ አያፍርም፤ እንዲያውም ለእኔም ወሬውን የጀመረልኝ ከዚህ ነው።

ሀይደር ዑለያ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ደም ይመረምራል። እሷ ከሐይቅ ከተማ መጥታ፣ ከማግባቷ በፊት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። በፈረንጆቹ 2014 ግንቦት ላይ ሦስተኛ ልጃቸውን የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ለክትትል ስትሄድ የአምስት ዓመቷን ኢልሃምን በአንድ እጇ፣ የሦስት ዓመቷን ራቢያን በሌላው ይዛ መንገድ ዳር ትቆማለች። እዚህ ሊሞዚን የሚባሉት ታክሲዎች ሁለት ሕፃንና አንድ ሆድ ሲያዩ ፍጥነት ይጨምራሉ። አንድ ቀን አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ራቢያ እጇ ላይ ዝልፍልፍ አለችባት። ሀይደር ከሥራ ሲገባ «መኪና» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በሦስት ዓመት ያጠራቀሙት ሃያ አንድ ሺህ ሪያል ነበር። ለመኪናው አሥራ አምስቱን ፈቀደች። የቀረው አይነካም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የኢቃማው፣ እድሳት አለ፣ ወሊድ አለ፣ የማይታወቅ ነገርም አለ።

«የማይታወቅ ነገር ደግሞ ስንት ይፈልጋል?» ብሎ ቀለደባት።

«ስድስት ሺህ» አለችው ሳትስቅ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ጎረቤታቸው አምሳሉ ወደ መኪና ሐራጁ ወሰዳቸው። አምሳሉ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነው፤ መኪና መንዳት እንጂ መግዛት ደርሶበት አያውቅም፣ ምክር ግን አያልቅበትም። ሐራጁ ውስጥ መኪኖች በሰልፍ ያልፋሉ፣ ደላላው በድምፅ ማጉያ ይጮሃል፣ ወንዶች እጅ ያወጣሉ። ኡሙልኸይር ከልጆቹ ጋር አጥሩ ሥር በቆመው የአምሳሉ አሠሪዎች መኪና ውስጥ ቀረች።

አንድ ሰፊ ነጭ መኪና መጣ። ቆዳ ወንበሩ ያበራል፤ ውስጡ ዑድ የሚባለውን ዕጣን ዕጣን ይሸታል።

«ወንድሜ፣ ይሄ መኪና አይደለም፣ ሳሎን ነው!» አለ አምሳሉ።

የሀይደር እጅ አሥራ አምስት ላይ ወጣ። አሥራ ስድስትም ላይ፣ አሥራ ሰባትም ላይ አልወረደም። ባለቤቱ የረሳው እጅ ይመስል ነበር። ደላላው ግንባሩን እየጠረገ «ሱከር ፊ ሞያ! ሱከር ፊ ሞያ!» ይላል።

ሱከር ስኳር ነው፤ ሞያ ደግሞ ውሃ። ውሃን ሞያ ብሎ የሚጠራ አገር! ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት እኔም ቀኑን ሙሉ ሲገርመኝ ዋለ። የሀይደር ዐረብኛ የላቦራቶሪ ዐረብኛ ነው፤ «ጾመሃል?»፣ «እጅህን ዘርጋ»፣ «ስኳርህ ከፍ ብሏል»። የገበያውን አያውቅም። ስለዚህ ሞተሩ ውሃ ውስጥ እንደገባ ስኳር ልስልስ ያለ ነው እየተባለ መሰለው።

«ስማ፣ ደላላው ራሱ እያሞገሰው ነው! ያላ፣ ጨምር!» አለ አምሳሉ። ሀይደር አሥራ ስምንት ሺህ አለ። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ፤ አጥሩ ሥር ሆና ድምፅ ማጉያውን የሰማችው ኡሙልኸይር ነበረች።

«ሀይደር፣ እጅህ የት ነው?»

«ላይ ነዋ።»

«አውርደው።»

«ኧረ ሰውየው ስኳር ነው እያለ ነው!»

«የሟሟ ስኳር ነው እያለህ ነው። ሞተሩ ቢሰነጠቅ፣ ማርሹ ቢበላ፣ የለሁበትም ማለት ነው። አውርደው አልኩህ፣ የኢልሃም አባት!»

እጁ ወረደ። ዋጋው ግን ገና የእሱ ነበር። ደላላው አንዴ ጠራ፤ ሁለቴ ጠራ። ሀይደር የማይታወቀው ነገር ምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት አወቀው። ከኋላው አንድ ሰው «አሥራ ዘጠኝ» አለ። ዞሮ ያን ሰው ለማየት አልደፈረም።

«ሚስትህ ፍሬኗ እንዴት ይይዛል!» አለ አምሳሉ ሲመለሱ። ማንም አልሳቀም። ኡሙልኸይር ከኋላ ወንበር ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ስድስት ዓመት የሠራችበት ቤት አባወራ፣ አቡ ፈህድ፣ የመኪና ደላላ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ መጣ፤ በገዛ በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተሰንጥቆበታል። አቡ ፈህድ ከማዕዱ ሳይነሣ፣ «ሱከር ፊ ሞያ ብያለሁ፤ ከሟሟ በኋላ ስኳሬን መልስልኝ ይባላል?» አለው።

«ለሰውየው ውሃ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «ብርጭቆውን አየና ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ።»

በሦስተኛው ሳምንት የሀይደር የሥራ ባልደረባ፣ ሱዳናዊው ዶክተር ዑስማን፣ ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ሆነና አሮጌ ካምሪውን በአሥራ አራት ሺህ ለመሸጥ ተነሣ። የመኪናውን ጉድለት በገዛ እጁ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠ፦ የግራ ኋላ መስኮት አይወርድም፤ ጎማዎቹ አርጅተዋል። ኡሙልኸይር ወረቀቱን አንብባ፣ «ጋራዥ ይታይ» አለች።

«ዶክተሩን አላመንኩህም ልበለው?»

«አንተ ደም ስትመረምር በሽተኛው ይቀየማል?»

ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ፤ የምርመራውን ግማሽም ከፈለ። ጋራዡ እሱም ያላወቀውን አገኘ፦ የማቀዝቀዣው ፋን ሊሞት ደርሷል፣ መኪናው ሲሄድ እንጂ ሲቆም አይቀዘቅዝም። ዶክተሩ ያን በወረቀቱ ላይ ጨምሮ አንድ ሺህ ቀነሰ። ከአሥራ አምስቱ በተረፈው ጎማ ቀየሩ፣ ኢንሹራንስ ገቡ። ስድስቱ ሺህ አልተነካም። ፋኑን ለነሐሴ ደመወዝ አቆዩት።

ልጁ ደመወዝ አልጠበቀም። ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ በነሐሴ ቀትር፣ ምጥ መጣ። ሴቶቹን ልጆች ጎረቤት ትተው ወጡ። ሀይደር በመሐል ከተማ በኩል ሊታጠፍ ሲል ትከሻውን ያዘችው።

«በዳኢሪው።»

«በቀለበት መንገዱ? እሱ እኮ ይረዝማል!»

«የትራፊክ መብራት የለውም። ከቆምን እንቀቀላለን።»

በቀለበት መንገዱ ሄዱ። አንዴም አልቆሙም። ቀዝቃዛው አየር ፊቷ ላይ ሳይቋረጥ ነፈሰ፤ በመስኮቱ ማዶ አስፋልቱ ውሃ የተኛበት ይመስል ነበር። ሀይደር ስለዚያ ዕለት መንገድ ሲናገር ድምፁ ይለሰልሳል፤ የሚያውቀውን ጉድለት ተማምኖ ነዳ። ይህን ከአፉ ስሰማ፣ ሰው ጉድለትንም መተማመን ይችላል ለካ አልኩ።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ሀይደር ሕፃኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ጣቶቹን ቆጠረ፣ ጆሮዎቹን አየ፣ እግሩን ገልብጦ አየ፣ እንደገና ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ።

ኡሙልኸይር ከአልጋዋ ላይ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ኸላስ፣ ፍተሻው ይብቃህ» አለችው። «ይሄኛው ሱከር ፊ ሞያ ነው። እንዳለ ነው የምንወስደው።»