በጾም የተወረደ ጉድጓድ

ወንድሜ ይርዳው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንቢ ካለ እንቢ ነው። ከቤተ ልሔም ገዳም በታች ባለው አገራችን የገብስ ነዶ ተሸክሞ ገደል ሲወርድ ወደቀና ግራ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው ቢያቃናውም አጥሮ ቀረ። መሬቱን በእኩል ለሚያርስ ሰጥቶ ንፋስ መውጫ እኔ ዘንድ መጣ። ያን ጊዜ «ይርዳው አበቃለት» ያላለ ዘመድ የለም። እሱም ሰምቷል።

ከቤቴ ፊት ለፊት ላቀው የሚባል ጎልማሳ ጽሑፍ የሚተይብበት፣ ለሰው ስልክ ላይ ፊልም የሚጭንበት ሱቅ ነበረው። ይርዳው ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ እየዋለ፣ አንድ ቀን ላቀው በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ የእርሻ ጨዋታ ከፈተለት። ውስጡ አንድ ትንሽ ሰው አለ፤ ያርሳል፣ ያጠጣል፣ ላም ያልባል። ከተራራው ሥር ደግሞ መቶ ሃያ ወለል ያለው የማዕድን ጉድጓድ አለ። በየወለሉ ድንጋይ ይፈለጣል፤ ከአንዱ ድንጋይ ሥር መሰላል ይገኛል፤ በዚያ ወደ ታች ይወረዳል። አውሬም አለ። ጉልበት ካለቀ ሰውየው ይወድቃል፤ የያዘውም ይጠፋል።

ይርዳው ጉድጓዱን ያዘ። «ማረሱንማ ስኖርበት የኖርሁት ነው» አለኝ።

ግን ገበሬነቱ አልለቀቀውም። የኛ አገር ማሳ ድንጋዩ ሳይለቀም አይታረስም፤ እሱም በየወለሉ አንዲት ድንጋይ ሳያስቀር ይለቅማል።

«ጋሽ ይርዳው፣ መሰላሉ ወጥቷል እኮ፤ ይውረዱ!» ይለዋል ላቀው።

«ድንጋዩን ትቼ?»

«ስንዴ ሊዘሩበት ነው?»

ሲለቅም ጉልበቱ ያልቅና ይወድቃል። አንድ ጊዜማ ሰይፉ ከነስንቁ ጠፋበት። ስምንት ወር ሙሉ ሰማንያኛው ወለል ላይ ሲዳክር ከረመ።

በሁለት ሺህ ዐሥር ዐቢይ ጾም እንደገባ ላቀው ላፕቶፒቱን ለአንድ የአርብ ገበያ ከተማ ነጋዴ፣ ለፈንታ ሸጣት። ፈንታም ከሆሣዕና በፊት ባለው ኀሙስ መጥቶ ሊወስዳት ተስማማ። ይርዳው ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ታች ሳልደርስማ ከእጄ አትወጣም!»

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህንንም ሳይጨርስ ከቀረ፣ ዘመድ ያለውን እሱም ሊያምን ነው።

ላቀው እንኳ አዘነለት። «እንግዲያው ሰውየውን ዐይብና እንቁላል አሸክመው ያውርዱት። ቤቱ ሙሉ ነው። ሲደክመው አንዷን ጎረስ፣ ከዚያ ቁፋሮ።»

«ጾም ነው» አለ ይርዳው።

«እርስዎ ይጹሙ! እሱን ምን አገባው?»

«የሚያጎርሰው እጅ የማን ነው?»

«ክርስትና አነሡት እንዴ?»

«አንሥቼዋለሁ። ስሙም ገብረ ሚካኤል ነው።»

ዐይብና እንቁላሉን ሣጥን ውስጥ ከተተው። ገብረ ሚካኤል የያዘው ከጫካ የለቀመውን እንጆሪና እዚያው ጉድጓድ ውስጥ የሚቆፈር ካሮት መሳይ ሥር ብቻ ሆነ። ያንንም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አያቀምሰውም። አንድ ቀን የጨዋታው ሰዓት ሦስት ሲል ሲያጎርሰው አየሁና ተቆጣሁ።

«በሦስት ሰዓት ታበላዋለህ?»

«እታለም፣ የፈረንጅ ሦስት የኛ ዘጠኝ ነው።»

የተራበ ሰው መቼም ድንጋይ ሁሉ አይለቅምም። ገብረ ሚካኤል ጉልበቱን መቆጠብ ያዘ። ሦስት አራት ድንጋይ ይመታል፤ መሰላል ከወጣ ዘወር ሳይል ይወርዳል። አውሬው ካልመጣበት አይነካውም። ይርዳው ያንን ሁሉ ድንጋይ እያየ ማለፉ እንደ ጥርስ ሕመም ነበር የሚያመው። ግን አለፈው። በዚያ አንድ ወር ውስጥ መቶ ዐሥራ አምስተኛው ደረሰ።

ኀሙስ ፈንታ ሻንጣ ይዞ መጣ። ገብረ ሚካኤል መቶ ዐሥራ ስምንተኛው ላይ ነበር። ዙሪያው እሳት ነው፤ ነፍሱ ጭል ጭል ትላለች። የጨዋታው ሰዓት ደግሞ በኛ አቆጣጠር ገና ሰባት።

«እንጆሪ ይስጡት እንጂ!» ጮኸ ላቀው። «እንጆሪ የጾም ነው!»

«ሰዓቱ ገና ነው።»

«ሊሞት ነው ጋሼ!»

«ይጠብቃል።»

ጥግ አስጠግቶ አቆመው። አንድ የሚበር ነገር መጣ፤ በሰይፍ መለሰው። ፈንታ ሻንጣውን አስቀመጠና ከኋላችን ቆመ። አራታችንም ሰዓቷን እናያለን። ስምንት። ስምንት ተኩል። ሌላ አውሬ ብቅ ሲል እኔ ዐይኔን ጨፈንሁ።

«ዘጠኝ!» ያለው ፈንታ ነው፤ ነገሩ ገብቶት ኖሯል።

ይርዳው አጎረሰው። ከዚያ ወዲያ ያቆመው የለም፤ መቶ ዐሥራ ዘጠኝን በሁለት ድንጋይ አለፋት። መቶ ሃያኛው ላይ አውሬ የለም፤ አንድ ሣጥን ብቻ። ከፈተው፤ ቁልፍ ነው።

«ለዚህ ነው?» ሳቀ ላቀው። «ለአንድ ቁልፍ?»

«አንተ ከነዐይብህ ደርሰህ ታውቃለህ?»



ይርዳው ገብረ ሚካኤልን ቤቱ መልሶ አስተኛው። ላፕቶፒቱን በሁለት እጁ አንሥቶ ለፈንታ አስረከበ።

«ልብ አድርግ፤ ሰውየው ጾመኛ ነው። ፋሲካ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ዐይብ ብታቀምሰው እስከ አርብ ገበያ በእግሬ እመጣብሃለሁ።»

ፈንታ ሊስቅ ብሎ የይርዳውን አጭር እግር አየና ተወው።

«እሺ፣ ጋሼ።»