በጉ የሄደበት ሐይቅ

ዛሬ ጠዋት ለልጅ ልጆቼ የመንገድ ስንቅ፣ ቆጮ በኮባ ስጠቀልል፣ የእርጥቡ ቅጠል ሽታ የድሮ ንዴቴን ቀሰቀሰው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ቡታጅራ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣው አጎቴ በላንድሮቨሩ ዝዋይ ሐይቅ ወስዶ ጀልባ ሊያሳፍረን ቃል ገባ። ጀልባው ላይ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ከወንድሞቼ ጋር ስንጣላ ሰነበትን። ስንቁን የጠቀለልኩት እኔ ነበርኩ። በማለዳ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ ቆጮውን ታቅፌ ስወጣ አጎቴ ቆጮውን ተቀበለኝና የመኪናውን በር ዘጋው።

«ልጅቷስ?» አለች እናቴ።

«ጀልባ ላይ ታየች ቢባል አማቶቿ ምን ይላሉ?» አለ አጎቴ።

አማቶች እንዳሉኝ አላውቅም ነበር። እናቴን ቀና ብዬ ሳያት አንገቷን ደፋች። በኔ ቦታ ለምሳ የሚታረድ በግ ጫኑ። በግ እንኳ ሐይቅ ሊያይ! በኋላው መስኮት እያየኝ ሄደ።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ዳሩኝ።

«እማዬ፣ የዝዋይ መንገድ ያደክምሻል፣ አንቺ ቤት ሁኚ» አለኝ ዛሬ ልጄ፣ ስንቁን ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ።

አልሰጠሁትም። እንደታቀፍኩት ጋቢና ገብቼ ተቀምጫለሁ። የሚያወርደኝን አያለሁ።