ካርታው መሬት ላይ ይነጠፍ

ባለቤቴ ቱቶ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ምርጫውን ያነሳል። እኔ የማውቀው ፈተናውን ነው፤ አብሬያት ስለነበርኩ።

መንደራችን ላማቤለን በፍሎሬስ ደሴት ደቡብ ዳርቻ ናት። ከጀርባችን ተራራው፣ ከፊታችን ባሕሩ ነው። ቱቶ የምትተዳደረው በቆሎ በመጠፍጠፍ ነበር። የሚቃጠለውን ፍሬ ከሸክላው ምጣድ በግራ እጇ ታነሳና በቀኟ በያዘችው ድንጋይ አንድ ጊዜ ትመታዋለች። እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ይሆናል። ሳምንቱን ስትጠፈጥፍ ቆይታ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች። የጣቶቿ ጫፍ ደንድኖ ስለነበር ክብሪት እጇ ላይ ሲያልቅ እንኳ አታውቀውም።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። ከምንጩ የመጣው ቧንቧ የመንደሩ ሹም የኮርኔሊስ አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ። ታች ሰፈር ያለነው ሠላሳ ቤቶች እንደ ድሮው በባልዲ መቅዳታችንን ቀጠልን። ስብሰባ ተጠራና ቱቶ ተነሳች።

«ኮርኔሊስ፣ ቧንቧው አንተ ቤት ሲደርስ ምን ሆኖ ነው የደከመው?»

ሰው ሳቀ። ኮርኔሊስ አልሳቀም።

«ተቀመጪ ቱቶ። መናገር ያማረው ሰው ለሹምነት ይወዳደር። ለመወዳደር ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። አንቺ ያቆምሽው ከስድስተኛ ነው። አንድ ክፍል ስለነበርን አውቃለሁ።»

«አዎ፣ አንድ ክፍል ነበርን። የምትኮርጀውም ከእኔ ነበር።»

ይህን ስትል አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሳምንቱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሬጂና የምትባል ወጣት መምህርት ታስተምር ነበር። ቱቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ሒሳቡንም ቋንቋውንም አለፈች። የቀራት ጂኦግራፊ ብቻ ነበር። የተወዳዳሪዎች ምዝገባ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ፈተናው ደግሞ ያለው አንድ ጊዜ ነው። ከወደቀች ኮርኔሊስ ያለ ተወዳዳሪ ስድስት ዓመት ይቀመጣል።

ፈተናው በዕውር ካርታ ነው። እንዲህ የምንለው ስም ስለሌለው ነው፤ የባሕሩ፣ የወንዙና የአገሩ መስመር ብቻ ይታያል። ፈታኙ ስም ይጠራል፣ ተፈታኙ በዘንግ ይነካል። ከሃያው አሥራ አራት ያገኘ ያልፋል። የዚያን ዓመት የደረሳቸው እስያ ነበር።

መምህርት ሬጂና አንድ ካርታ አዋሰቻት። ቱቶ ወጥ ቤት ወለል ላይ አነጠፈችው፤ ራስጌውን ወደ ተራራው፣ ግርጌውን ወደ ባሕሩ። እኛ ሰሜንና ደቡብ አንልም። ልብስህ ላይ ጉንዳን ካየን «በባሕር በኩል ያለው ትከሻህ ላይ ነው» እንልሃለን። ስለዚህ ቻይና ወደ ተራራው ሆነች፣ አውስትራሊያ ወደ ባሕሩ፣ ጃፓን ወደ ፀሐይ መውጫ፣ አረብ አገር ወደ መጥለቂያው። በቆሎውን በመታች ቁጥር አንድ አገር ትጠራለች።

መረቤን ስጠግን «ባፓ» ትለኛለች፣ አባት ማለቷ ነው፤ «ከላኦስ ወደ ባሕር መውረድ ብትፈልግ የማንን ግቢ ታቋርጣለህ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«የቬትናምን፣ አለዚያም የካምቦዲያን። የራሱ በር የለውም። ጎረቤት ሲኮሳተርበት አስበው እስቲ።»

ለአገሮቹ እንደ ሰው ታዝን ነበር። ቡታንን «ሁለት ትልልቅ ወንድሞች መሐል የተኛች ሕፃን» ትላታለች።

በፈተናው ቀን ገና በማለዳ የእንጨት ወንበር ባለው የጭነት መኪና ተራራውን ዞረን ወደ ከተማው ሄድን። ከተማው ያለው በደሴቲቱ ሰሜን ዳርቻ ነው። ከእኛ ዳርቻ ሰባት ተፈታኞች ነበሩ። ፈታኙ ፓክ ዊልሄልሙስ ይባላል፣ ፓክ በእኛ አቶ እንደማለት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የተተኮሰ ሰው ነው። ካርታው ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅሏል። መጀመሪያ የተጠራችው ቱቶ ነበረች።

«ጃፓን» አለ ፓክ ዊልሄልሙስ።

ዘንጓ ተነሳና ወደ ግራ ሄዶ ቱርክ ላይ አረፈ።

«ፊሊፒንስ።»

አረብ በረሃ መሐል ወጋችው።

«ፓኪስታን።»

ቻይና ዳር ባሕር ውስጥ ገባች።

«ማማ፣» አለ ፓክ ዊልሄልሙስ ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ «የፊሊፒንስ ሰዎች ግመል መጋለብ ጀመሩ ማለት ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ በር ላይ ቆሜ እግሬን አየሁ። ኔፓልን ከቡታን ለይታ በጨለማ የምትነካ ሴት ምን ነካት ብዬ ደነገጥኩ።

ቱቶ ዘንጉን ዝቅ አደረገች። ወደ ግራው መስኮት ዞረች፤ የጠዋት ፀሐይ ትገባበታለች። ቀጥሎ በካርታው ግድግዳ በኩል ባለው መስኮት ወደ ውጭ አየች፤ ተራራው ይታያል። ያን ጊዜ ለእኔም ገባኝ። በከተማው ተራራና ባሕር ቦታ ተለዋውጠዋል። በእኛ በኩል ፊትህን ወደ ተራራው ካዞርክ ፀሐይ በቀኝህ ትወጣለች፤ እዚህ በግራህ ትወጣለች። እጇ ጃፓንን ፍለጋ ወደ ፀሐይ ሄዶ ነበር።

«ፓክ፣ ካርታው ተገልብጦ ነው የቆመው» አለች።

«ካርታው እንደማንኛውም ካርታ ነው የተሰቀለው። ራስጌው ሰሜን ነው።»

«ሰሜን ከኋላዬ ነው፤ ባሕሩ ያለው እዚያ ነው። ግድግዳዎ ወደ ደቡብ እያሳየ ሰሜን ነኝ ይላል። መሬት ላይ ይነጠፍልኝ።»

«ካርታ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው። ደንብ ነው።»

«ደንቡን ያሳዩኝ።»

ፓክ ዊልሄልሙስ ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። አንዳችም አላገኘም።

«ማማ፣ ሦስት ስተሻል። ከአሥራ ሰባቱ ሦስት ብቻ ነው መሳት የምትችይው። በከንቱ አትሟገቺ።»

«የሳትኳቸውን ይጻፉ፤ አልሳትኩም አላልኩም። የቀሩትን ግን እንደ በቀቀን ተሰቅዬ አልመልስም።»

ሄዳ ካርታውን ከሚስማሩ አወረደችው። ሲሚንቶው ላይ ዘረጋችው፤ ቻይናን ወደ ባሕሩ፣ አውስትራሊያን ወደ ተራራው አዞረች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በግርጌው ቆመች። ፀሐይዋ አሁን በቀኟ ናት።

«እሺ፣ ይጠይቁኝ።»

እልህ ውስጥ ገብቶ ቶሎ ቶሎ ይጠራ ጀመር። ሂማላያ። ኢንዱስ። ሞንጎሊያ። ጎቢ። ስሪ ላንካ። ዘንጓ ሳይወዛወዝ ይወርዳል። ኪርጊዝስታንን ከታጂኪስታን አምታታች፣ አንድ ወንዝ ደግሞ ጨርሶ ጠፋት። የመጨረሻው ጥያቄ ሜኮንግ ነበር። ከቲቤት በረዶ ጀምራ ዘንጉን እየጎተተች «ቻይና፣ ሚያንማር፣ ላኦስ፣ ታይላንድ፣ ካምቦዲያ፣ ቬትናም፣ ባሕር» አለች። «ስድስት አገር አንድ ወንዝ ይጠጣል። የእኛ መንደር በአንድ ቧንቧ ይጣላል።»

አሥራ አምስት ሆነ። ፓክ ዊልሄልሙስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ውጤቱን መያዝ አልችልም። ካርታው ከግድግዳው ወርዷል።»

«ደብዳቤ ይጻፉልኛ፤ "ይቺ ሴት አሥራ አምስት መልሳለች፤ አገሮቹ ግን ወለል ላይ ስለነበሩ አይቆጠሩም" ብለው ይፈርሙልኝ። እሱን ይዤ ጠቅላይ ግዛቱ ድረስ እሄዳለሁ።»

አለችና ካርታው ጎን ቁጭ አለች። ጠቅላይ ግዛቱ ድረስ የመርከብ መሳፈሪያ አልነበረንም፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ቀጣዩ ተፈታኝ ቦሊ የሚባል የእኛ ዳርቻ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ።

«ፓክ፣ እኔንም መሬት ላይ ይፈትኑኝ።»

«እኔንም» አለች ከኋላው ያለችው።

«ምንድን ናችሁ፣ ምንጣፍ ነጋዴዎች?» ብሎ ጮኸ ፓክ ዊልሄልሙስ። የሳቀለት የለም። ቱቶን አየ፣ የቀሩትን ስድስት አየ፣ ሰዓቱን አየ። ብዕሩን አነሳና አሥራ አምስት ብሎ ጽፎ ፈረመ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ካርታው ጎተተና «ቦሊ፣ ጃፓን» አለ።

ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ወረቀቷን አስመራጮቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ኮርኔሊስ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አንስቶ እስኪበቃው አየው። እውነተኛ ነበር።

በምርጫው በዘጠኝ ድምፅ ተሸነፈች። ቆጠራው እንዳለቀ ኮርኔሊስ በሰው ፊት እጁን ዘረጋላት።

«በይ እንግዲህ ቱቶ፣ አሁን ወደ በቆሎሽ።»

እጁን ጨበጠችው። በዚያ በደነደነ እጇ አጥብቃ መያዟን ከፊቱ አየሁ።

«እሄዳለሁ። አንተን ግን እዚህ ያቆሙህ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ውሃ ሳይጠማቸው በፊት ስማቸውን እወቅ» አለችውና እጁን ለቀቀች።