ለቀዳም ስዑር ቄጠማ ፍለጋ ወደ ጎሪንግ

ባለፈው ዓመት ቀዳም ስዑር ለንደን ውስጥ ቄጠማ ጠፍቶ፣ ግማሹ ምእመን የባሮ ሽንኩርት ቅጠል ራሱ ላይ አስሮ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ዘንድሮ አፌ አላርፍ ብሎ ለደብራችን አባ “እኔ ቦታ አውቃለሁ” አልኳቸው። በጋ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጎሪንግ ሄጄ የቴምዝን ዳር ቄጠማ ሞልቶት አይቼ ነበር።

በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ማለዳ ለንደን ካለው ሰፈራችን ከሃርልስደን ተነሳን። አብረውኝ ያሉት ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ናቸው። ልጃቸው ጋ ሊኖሩ መጥተው እንግሊዝኛ ጭራሽ አይሰሙም፤ ሐኪም ቤትም፣ እንደ ቀበሌ ባለው ካውንስልም የማስተረጉምላቸው እኔ ነኝ።

ከፓዲንግተን ጣቢያ የተሳፈርንበት ባቡር ፎቆቹን ጨርሶ ሜዳው ሲጀምር እትዬ ከመስኮቱ አልነቀል አሉ።

“ይሄ ሁሉ ሳር! ከብቱ የታለ?”

“በጎቹን አያዩም እንዴ?”

“ለዚህ ሁሉ ሳር እነዚህ?”

ጎሪንግ

ከተማዋ በሁለት ኮረብታ መሃል ወንዙን ታቅፋ የተቀመጠች ናት። ከጥንት ጀምሮ ሰው ሲሄድበት የኖረ መንገድ ከኮረብታው ወርዶ እዚህ ወንዙን ይሻገራል። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ኖርማኖች የሠሩት ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ እትዬ ግድግዳውን ተሳለሙ። ኮረብታው ሥር ባለው ጫካ ውስጥ መሬቱ ሰማያዊ አበባ ለብሶ ነበር። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ግን በክሬም የተሞላ ኬክ አይተው፣ “ወዲያ! ጾመኛን መፈተኛ!” ብለው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ወንዙ ዳር

ከድልድዩ ወረድ ብሎ ቄጠማው ለምለም ሆኖ ቆሟል። አጥር የለም፣ ሰው የለም። ቢላችንን አውጥተን ማጨድ ጀመርን። አንዲት ጥቁር፣ ምንቃሯ ቀይ የሆነ የውሃ ዶሮ እየጮኸች ከመሃል ወጣች። ልብ አላልኳትም።

አንዲት ሽማግሌ እንግሊዛዊት ከነውሻቸው ቆሙ።

“ይቅርታ፣ እዚያ የወፏ ጎጆ አለ። የመጀመሪያውን ጎርፍ ወስዶባት ይሄ ሁለተኛዋ ነው። ሳታውቁ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ።”

ዞር ስል እንቁላሎቹ ባጨድነው መሃል ራቁታቸውን ቀርተዋል። ፊቴ ጋለ።

“ምን አሉ?” አሉኝ እትዬ።

“እንደምን ዋላችሁ ነው የሚሉት።”

ምን ነካኝ! ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። እትዬ ደስ ብሏቸው ለሴትዮዋ እጅ ነሱና ሌላ እፍኝ አጨዱ።

“ለምን ይሆናችኋል?” ሲሉ ሴትዮዋ ጠየቁኝ።

ርግብ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ የምሥራች አመጣችለት፣ ለዚያ መታሰቢያ ነው ማለት ጀመርኩ። ወፏ ከበስተጀርባዬ ትጮሃለች። አልጨረስኩትም።

“እንዴት ያምራል” አሉ ሴትዮዋ፣ ዓይናቸውን ከእንቁላሎቹ ሳይነቅሉ። ምነው በሰደቡኝ!

እትዬ ቀና አሉ። “አንቺ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል?”

በእጄ አሳየኋቸው። ቢላው ከእጃቸው ወደቀ።

“ውይ! ውይ! በሕማማት! ሴትዮዋ ይሄን ነው የነገሩሽ?”

“አዎ።”

“ነግረውሽ ነው እንዳጭድ የተውሽኝ?”

እትዬ ሴትዮዋ ፊት ጉልበታቸው እስኪነካ ጎንበስ ብለው በአማርኛ ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ያንንም አልተረጎምኩም። ያጨድነውን እዚያው ትተን ከድልድዩ ላይ ቆመን ጠበቅን። ወፏ ዞራ ዞራ እንቁላሎቿ ላይ ወጣች። እትዬ አማተቡ፤ እኔን ግን አላዩኝም።

መመለሻ

ለንደን ውስጥ በሰው ፊት ለማለፍ “ሶሪ” የምል ሰው፣ አጥር ስላላየሁ ባለቤት የለውም ብዬ ቢላ መዘዝኩ። ይሄስ አለማወቅ ነው ልበል። አምነው የሚሰሙኝን አሮጊት መዋሸቴን ግን ምን ልበለው?

ከፓዲንግተን ወደ ሃርልስደን የተሳፈርንበት አውቶብስ መንገድ ላይ ቆመ። ሾፌሩ በማይክሮፎን አንድ ነገር ተናገረ፣ ሰዉም መውረድ ጀመረ። መንገዱ ተዘግቷል ልላቸው አፌን ስከፍት፣ እትዬ ከኋላችን በስልኳ አማርኛ ስታወራ ወደነበረች ልጅ ዞሩ።

“የኔ ልጅ፣ ምን አለ?”