ከእንብርት በታች

እናቴ የሞተችው በማኅፀን ሕመም ነው። ስሙን ያኔ የነገረን የለም፤ አምባሰል ባለው ቤታችን ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሴት በሽታ» ይሉት ነበር። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ እጇን ከእንብርቷ በታች ጭና፣ በሌላው ግድግዳውን እየያዘች ከመደብ ስትነሳ አስታውሳለሁ። ስለዚህ በሠላሳ አምስት ዓመቴ ያው ቦታ ሲያመኝ፣ ማንም ሳይነግረኝ የመጣብኝን ያወቅሁ መሰለኝ።

ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ትንሽ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ በሐይቅና በደሴ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉን።

በአንድ የክረምት ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደ። የሰው ጨርቅ እንዳይበሰብስብኝ ብዬ የስፌት መኪናውን ከነጠረጴዛው አቅፌ ወደ ውስጥ ሳነሳው ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሦስት ቀን ቀና ማለት አቃተኝ። ጎረቤቴ በሞቀ ዘይት አሸችኝ፤ ተሻለኝ፤ ረሳሁት።

ሌላው ሕመም የጀመረው ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። ወገቤን አይደለም። ታች ነው፣ ውስጥ፣ ሴት ልጅ አፏን ሞልታ በማትናገረው ቦታ። ስቀመጥ ያቃጥለኛል፤ ስነሳ ወደ ታች የሚጎትተኝ ነገር አለ። ወንበሩ ላይ ሩብ ሰዓት ስቆይ ፍም ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ሳስነጥስ እስከ ጭኔ ድረስ ይወጋኛል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሽንቴን መርምረው ኢንፌክሽን ነው አሉኝ፤ መድኃኒቱን ውጬ ጨረስኩ፤ ሕመሙ ካለበት አልተነቃነቀም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ያው ተባልኩ። አልትራሳውንድ ያነሳኝ ሰው ማኅፀኔ ንጹሕ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ግን አላመንኩትም። ለእናቴም መጀመሪያ ላይ ምንም የለብሽም ብለዋት ነበር። እያንዳንዱ «ምንም የለም» እኔን የሚያስፈራኝ ከበሽታው ስም በላይ ነበር።

ለባለቤቴ ሆዴን ነው አልኩት። አልጋ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ መተኛት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሰሞን ምን ሆነሻል ይለኝ ነበር፤ በኋላ መጠየቁን ተወ። ሲተው እፎይ አልኩ። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት አለፈን። ልጆቹ ፊት እንስቃለን፤ ብቻችንን ስንሆን የምንለው ይጠፋናል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ የእናቴን ታላቅ እህት ልጠይቃት አምባሰል ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ አቀበቱን ስወጣ ቀኝ እግሬ ከበደኝ፤ ድካም ነው አልኩ። አክስቴ ያረጀች ብትሆንም አእምሮዋ እንደ ድሮው ነው። ሌላ ሰው እስኪወጣ ጠብቄ፣ የእናቴ ሕመም እንዴት እንደጀመራት ጠየቅኋት። ለምን እንደጠየቅሁ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ፊቴን አይታ ገባት።

«ደም አለሽ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ሽታስ ያለው ፈሳሽ?»

«የለም።»

«እንግዲያ የእናትሽ አይደለም ልጄ። የእሷ በደም ነው የጀመረው። ይኼ ሌላ ነው።»

እጇን አንስታ ዱዓ አደረገችልኝ። እኔ ግን «ሌላ ነው» ያለችው ልታጽናናኝ መሰለኝ። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ጥቂት ከወረድኩ በኋላ አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ከኋላዬ ጠራችኝ። ጫማዬን ይዛለች። የቀኝ እግሬ ነጠላ ጫማ ወልቆ ቀርቶ ነበር፤ በባዶ እግሬ ጠጠር ላይ ስሄድ አልተሰማኝም። አመስግኜ ተቀበልኳት። እግሬን ሳየው አውራ ጣቴ ደምቷል። ያን ቀን ይህን ከሆዴ ሕመም ጋር የሚያገናኝ ሐሳብ በልቤ ሽው አላለም።

ደሴ የማኅፀን ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። በቅንነት ሰማችኝ። ከሁለት ዓመት በላይ መድኃኒት ካልሠራ፣ ልጅም ከወለድኩ፣ ማኅፀኑን ማውጣት አንድ መፍትሔ ሊሆን እንደሚችል፣ ግን እርግጠኛ እንዳልሆነች ነገረችኝ። አውጭልኝ አልኳት። ለባለቤቴ ትንሽ እጢ ስላለ ይወጣል ብዬ ዋሸሁት። ሆስፒታል አድርሶኝ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ።

የቀዶ ሕክምና ልብስ አልብሰውኝ ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ወጣት ባለሙያ መርፌውን በጀርባዬ በኩል እንደሚወጋኝ ነግሮኝ፣ ጎንበስ እንድል ጠየቀኝ። ጎንበስ ስል እግሬ ላይ መብረቅ የወረደ መሰለኝ፤ ጮህኩ። እጁን መለሰና እግሮቼን ገልጦ ጎን ለጎን አያቸው። ከዚያ ቀኝ ባቴን በእጁ ለካው።

«እህቴ፣ ይኼ እግርሽ ከመቼ ጀምሮ ነው የቀጠነው?»

መቅጠኑን አላውቅም ነበር። ሳየው እውነትም የሌላ ሰው እግር ይመስላል። አውራ ጣቴን ወደ ላይ እንዳነሳ አዘዘኝ፤ የግራው ተነሳ፣ የቀኙ አልተነሳም። ወገቤን ታምሜ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያን የዝናብ ቀን ነገርኩት። መርፌውን አስቀመጠና ሐኪሟን ወደ ጥግ ወስዶ አነጋገራት። የሚሉት አይሰማኝም። እሷ መጀመሪያ ራሷን ነቀነቀች፤ ቀጥሎ መጥታ እሷም አውራ ጣቴን አየች። ጓንቷን አውልቃ ዛሬ እንደማይሠራ ነገረችኝ።

ኤምአርአይ ተነሳሁ። ፎቶውን ያየው የነርቭ ሐኪም በዕድሜ የገፋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ የሚሆን ዲስክ የሚባል ነገር እንዳለ፣ የእኔ ሁለቱ ተንሸራተው ነርቮቹን እንደተጫኑ አሳየኝ።

«እነዚህ ነርቮች ወደ እግር ብቻ አይደለም የሚሄዱት» አለኝ። «ወደ ሽንት ፊኛሽ፣ ወደ ብልትሽ፣ ወደ መቀመጫሽም ይወርዳሉ። የሚያምሽ እዚያ ነው፤ የተበላሸው ግን ወገብሽ ነው። ማኅፀንሽ ምንም አልሆነም።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ደስታ ይሁን ንዴት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና እንደሚሻለው፣ መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ እንደሚሞክርልኝ፣ ከባድ እንዳላነሳና ብዙ እንዳልቀመጥ ነገረኝ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

«አንድ ነገር አትርሺ። ኮርቻ ላይ ብትቀመጪ ኮርቻው የሚነካሽ ቦታ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንት እምቢ ካለሽ፣ ነገ አትበዪ። በዚያው ቀን ነይ።»

«ብዘገይስ?»

«ከዘገየሽ አይመለስም። ሽንትሽም፣ እግርሽም።»

ለባለቤቴ የነገርኩት የወገብ ዲስክ ነው አሉኝ ብዬ ብቻ ነው። የወገብ ነገር ይድናል ብሎ ደስ አለው። ኮርቻው የሚነካው ስለተባለው ቦታ ለእሱ የምነግርበት አፍ አልነበረኝም።

ለብዙ ወራት የታዘዝኩትን አደረግሁ፤ ሕመሙም ረገብ አለ። ከዚያ ትምህርት ሊከፈት ሲል የተማሪ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ሰው በረንዳዬን ሞላው። ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ጀመርኩ፤ ትንሹ ቀኑን ሙሉ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ ወደ ግራ እግሬም ተሻገረ። በሦስተኛው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መርገጫውን እየረገጥኩ ሳለ፣ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሦስት ዓመት የኖረብኝ ማቃጠል ድርግም አለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ያን ቀን ሳልነሳ ሰፋሁ፤ ለልጆቼ እየዘፈንኩ ራት ሠራሁ።

በማግስቱ ለሱብሂ ሶላት ተነሳሁ። ሽንት ቤት ተቀመጥኩ፤ ሆዴ ተወጥሯል፣ የሚወርድ ነገር የለም። ጠበቅሁ። ምንም የለም። ልታጠብ ከማሰሮው ውሃ አፈሰስኩ። የሌሊቱን ብርድ ይዞ ያደረ ውሃ ነው፤ እጄን ያቆረፍደዋል። ታች ግን አልተሰማኝም። ድምፁን እሰማለሁ፤ መሬቱ ላይ ሲወርድ አየዋለሁ። እንደገና አፈሰስኩ። በእጄ ነካሁት፤ የማንም ያልሆነ ሥጋ የነካሁ መሰለኝ።

ሕመሙ ለምን እንደተወኝ ያኔ ገባኝ።

ባለቤቴ ሚኒባሱን ሊያሞቅ ግቢ ወጥቶ ነበር። ግድግዳውን ይዤ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሦስት ዓመት ያልተናገርኩትን፣ የት እንደሚያመኝ፣ አሁን የት እንደደነዘዘ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ የማኅፀኑን ውሸት ጭምር። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የኋላውን ወንበር አጠፈና ፍራሽ አነጠፈልኝ።

የዚያን ሰሞን የደሴ መንገድ በጸጥታው ምክንያት አንዳንድ ቀን ይዘጋ ነበር፤ ያ ቀን ከእነዚያ አንዱ ሆነ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ኬላ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ከፊታችን መኪኖች ቆመዋል። ጠባቂዎቹ ለማንም አንከፍትም ይላሉ። ባለቤቴ ወርዶ ለመናቸው፤ ሕመምተኛ ይዣለሁ አለ። ሁሉም ሕመምተኛ ይዣለሁ ይላል አሉት። ፀሐይ እየጠነከረ ሄደ። ፍራሹ ላይ ተጋድሜ በግራ እግሬ ጣቶች ላይ ዓይኔን ተክያለሁ፤ አንቀሳቅሳቸዋለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ደግሞ አንቀሳቅሳቸዋለሁ። በየጊዜው እየዘገዩብኝ መጡ። ሆዴ ድንጋይ ሆኗል።

ሁለት ሰዓት ሳይሆን አይቀርም የቆየነው። በመጨረሻ ባለቤቴ እንደገና ሄደ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረ።

«ሚስቴ ሽንቷ ቆሟል። ብልቷ ደንዝዟል። ዛሬ ሐኪም ካላገኛት ሽባ ትሆናለች። ካላመናችሁ ኑና እዩዋት።»

ከጠባቂዎቹ በዕድሜ የሚበልጠው መጥቶ በመስኮቱ አየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እል ነበር፤ ያኔ ግን ነጠላዬን ፊቴ ላይ አልሳብኩም። ዓይኑን አየሁት። ዞሮ ገመዱን አውርዱት አለ።

በዚያው ቀን ደሴ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ስነቃ የሽንት ቱቦ ተደርጎልኛል፤ አክስቴ ከአምባሰል እንዴት እንደደረሰች አላውቅም፣ አጠገቤ ተቀምጣ እግሬን ትዳስሳለች። ሐኪሙ ከሁለቱ ዲስኮች የከፋውን እንዳነሳው፣ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ግን ጊዜ እንጂ እሱ እንደማያውቅ ነገረኝ። ቱቦው ለአምስት ሳምንት አልወጣም። እነዚያ ሳምንታት ከሕመሙ ዘመን ሁሉ ይከፉብኛል፤ በየጠዋቱ እጄን ልኬ እፈልጋለሁ፣ የሚመልስልኝ የለም።

ስሜቱ ቀስ በቀስ መጣ። ሽንቴን ዛሬ በራሴ እሸናለሁ፤ ጊዜ ይወስድብኛል እንጂ። ከስሜቱ ጋር አብሮ የተመለሰው ማቃጠልም ከአሥር እጁ ስምንቱ ሄዷል። በቀኝ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ግን እስከ ዛሬ እንደደነዘዘ ነው። ሁለተኛው ዲስክም እዚያው ተቀምጧል፤ ባለበት ሊቆይ ይችላል፣ ሊነሳብኝም ይችላል ብለውኛል። አሁን እኔ ቆሜ ጨርቅ እቆርጣለሁ፤ የምትሰፋልኝ ሌላ ሴት ናት።

በየቀኑ እንድሄድ ታዝዣለሁ። ባለቤቴ ሥራ የሌለው ጠዋት በሐይቁ ዳር ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ አብሮኝ ይሄዳል፤ ዛፎቹ እስከሚጀምሩበት ደርሰን እንመለሳለን። አንድ ቀን ውሃውን እያየ ድንገት ተናገረ።

«ሌላ ሰው ወድደሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ። ልጠይቅሽ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

እኔ ሞቴን ስጠብቅ፣ እሱ አጠገቤ ተኝቶ ይህን ሲያስብ ኖሯል። እግሬ ደክሞኝ ነበርና ክንዱን ያዝኩ፤ ቀስ እያልን ተመለስን።