ነጭ የተቀባው የዓሣ ገንዳ

ከዚህ በታች የምጽፈው በሦስት ምንጮች ላይ የቆመ ነው፤ አንዱም ሙሉ እምነት የሚጣልበት አይደለም። የመጀመሪያው የራሴ ትዝታ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያየሁትን ከሰማሁት፣ የሰማሁትንም ከተመኘሁት ለይቼ መናገር እንደሚቸግረኝ አውቃለሁ። ሁለተኛው ታናሽ እህቴ የምትነግረኝ ነው፤ እርሷ በዚያ ቀን ቤት ነበረች፣ እኔ ግን አልነበርኩም፤ ይሁንና ታሪኩን በተናገረችው ቁጥር ታሳምረዋለች። ሦስተኛው እናቴ ከገንዳው አጠገብ ቆማ የተነሣችው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው። ምንጮቼ በማይስማሙበት ቦታ አለመስማማታቸውን እናገራለሁ። ቁጣዬን ግን አልጠራጠርም፤ ከዚያ ዘመን ሳይደበዝዝ የቀረልኝ እርሱ ብቻ ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንዲት አርመናዊት መበለት ጋር ግቢ ተጋርተን እንኖር ነበር። ተወልዳ ያደገችው እዚያው ስለሆነ አማርኛዋ የሰፈራችን አማርኛ ነበር፤ ሁላችንም ማዳም እንላት ነበር። ከጓሮው፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሟች ባሏ ያሠራው የሲሚንቶ ገንዳ ነበር፤ በውስጡም ቀይና ነጭ የተዥጎረጎሩ የጃፓን ዓሦች ይዋኙ ነበር። በጅቡቲ በኩል ውሃ በተሞላ ቆርቆሮ ሆነው በባቡር እንደ መጡ ትናገር ነበር፤ ይህን የማረጋግጥበት መንገድ የለኝም። ማዳም ዐይኗን ለመታከም ወደ ውጭ አገር ስትነሣ እናቴን ከገንዳው አፋፍ አቁማ፣ «እትዬ፣ ልጅ አልወለድኩም፤ ያሉኝ እነዚህ ናቸው። አደራ!» አለቻት። እናቴም «በምድርም በሰማይም» ብላ ተቀበለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እነዚያ ዓሦች በቤታችን ውስጥ ከእኛ ከልጆቿ ይልቅ የተከበሩ ሆኑ።

ክብሩ ሊገድላቸው ነበር። እናቴ የሰው አደራ ተርቦ አያድርብኝ እያለች ጠዋት ዳቦ፣ ቀን ዳቦ፣ ማታ ዳቦ ትፈረፍርላቸዋለች፤ የሚበሉት ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ከገንዳው ሥር ይበሰብሳል። የድሬ ፀሐይ ሲጨመርበት ውሃው እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ሆነ፤ ሸተተም። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይለምኑ ጀመር። ከቧንቧ ብንጨምርበትም የከተማችን ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግር ጨዋማ ውሃ ነው፤ ፋይዳው እምብዛም ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ ጉምሩክ የተቀጠርኩ ወጣት ነበርኩ። በትምህርት ቤት የተማርኩትን አስታውሼ ማጣሪያ ለመሥራት ተነሣሁ። አንድ በርሜል ከሥሩ በስተን ቱቦ ገጠምንለት፤ ታች ጠጠር፣ ከዚያ የከሰል ስብርባሪ፣ ከላይ ደግሞ ደቻቱ ደረቅ በሆነ ጊዜ ከወንዙ ያመጣነውን አሸዋ አጥበን ሞላንበት። በርሜሉን ከገንዳው ከፍ አድርገን በድንጋይ ላይ አቆምነው። እኔና እህቴ ጠዋትና ማታ ፀሐዩ በረድ ሲል የገንዳውን ውሃ በባልዲ እየቀዳን እናፈስበታለን፤ ውሃው አሸዋውን አልፎ እየተንጠባጠበ ተመልሶ ይገባል። ከሁሉ የከበደው ግን እናቴን ዳቦውን እንድትቀንስ ማግባባት ነበር።

«የሰው አደራ አስርቤ ከፈጣሪ ጋር ልታጣላኝ ነው?» ትለኝ ነበር።

ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበረው ሶማሌ ጎረቤታችን አንድ ቀን መጥቶ በርሜሉን ዞሮ ተመለከተና በሳቅ ወደቀ።

«አቦ እማማ! እኛ የምንጠጣውን ሳናጣራ፣ ዓሣ የሚጠጣውን ታጣራላችሁ?»

«አንተማ አፍ አለህ፤ ቢጎድልብህ ትጮኻለህ። እነሱ ለማን አቤት ይበሉ?»

«ወላሂ፣ ባለቤታቸው ከቀረች እኔ የመጥበሻውን ዘይት አመጣለሁ...»

«ዝም በል! አደራ በላ ልታሰኘኝ ነው?»

ውሃው ወዲያው አልጠራም። በአሸዋው ላይ ቡናማ ልጋግ እስኪይዝ ድረስ ሳምንታት ፈጀ። እናቴ ልጋጉን ቆሻሻ ነው ብላ ፍቃ ልታጥበው ስትል፣ ውሃውን የሚያጠራው እርሱ መሆኑን በብዙ ክርክር አስረዳኋት። በመጨረሻ የገንዳው ወለል ታየ። በግድግዳው ላይ ዓሦቹ የሚለቃቅሙት ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን ብቻ ቀረ። እናቴ ወደ ገንዳው ጎንበስ ብላ፣ «አሁን ብትመጣም አላፍርም» አለች። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ አንድ ትልቅ እንግዳ በከተማዋ ሊያልፍ ነው ተባለ። የዚያን ዘመን ሰው እንዲህ ሲባል የሚሆነውን ያውቃል፤ ኖራ ይበጠበጣል። አጥሩ፣ የዛፉ ግንድ፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሁሉ ነጭ ይቀባል። ከቀቢዎች ጋር ወደ ግቢያችን የገባው ካኪ የለበሰ ሰው የጽዳት ኃላፊ ነኝ ብሏል። የሆነውን የምጽፈው እህቴ እንደ ነገረችኝ ነው። አጥሩንና የኒሙን ግንድ አስቀብቶ ሲያበቃ ገንዳውን አየ።

«ይህ አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው?»

«የሰው አደራ ነው ጌታዬ፤ ዓሣ ነው» አለች እናቴ።

«ዓሣውን አልጠየቅኩም! ይህን ቆሻሻ እንግዳው ቢያየው ምን ይላል?»

«እንግዳው ጓሮዬ ምን ሊያደርግ ይመጣል፣ ጌታዬ?»

«ሴትዮ፣ በመንግሥት ሥራ አትግቢ!»

ውሃውን እስከ ግማሽ አስቀዳ። ግድግዳውን አስፍቆ ኖራ አስቀባው። የበርሜሉን አሸዋ ቆሻሻ ነው ብሎ አስደፋው፤ ባዶውን በርሜል ሳይቀር አስቀባው። ከዚያ ኖራው ሳይደርቅ ቧንቧውን አስከፍቶ ገንዳውን አስሞላ። ኖራ የገባበት ውሃ የዓሣን መተንፈሻ ስንጥብ እንደሚያቃጥል ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ እጁን አንድ ጊዜ ኖራ ውስጥ የነከረ ቀቢ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም አልጠየቃቸውም።

ከሥራ ስመለስ ውሃው ጠርቶ ጠበቀኝ፤ እንደዚያ ጠርቶ አይቼው አላውቅም ነበር። ገንዳው አዲስ እንደ ተለሰነ መቃብር ያበራል፤ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ይንሳፈፋሉ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአፋፉ ተቀምጣለች፤ እንደ ሐዘንተኛ።

በማግስቱ ያን ሰው ፍለጋ ወጣሁ። አንዱ ወደ ሌላው፣ ሌላውም ወደ ሦስተኛው ላከኝ፤ ሰውየውን አውቀዋለሁ የሚል፣ ጓሮ ግቡ ብዬ አዝዣለሁ የሚል አላገኘሁም። እንግዳው ደግሞ እህቴ እንደምትለው በሌላ መንገድ አለፈ፤ እኔ እንደማስታውሰው በእኛው መንገድ፣ የመኪናው መጋረጃ ወርዶ አለፈ። ማንም ወደ እኛ እንዳልተመለከተ ግን ሁለታችንም እንስማማለን።

ዛሬ እኩዮቼ ሲሰበሰቡ «ያኔ ድሬ እንዴት ጽዱ ነበረች!» ይላሉ። ዝም ማለት ይገባኝ ይሆናል፤ አልችልም። ነጭ ነበረች፤ ጽዱ ግን ሌላ ነገር ነው። የጸዳውን ውሃ እኔ አይቼዋለሁ፤ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነበር፣ ከሥሩም የሚዋኝ ሕይወት ነበረው። ያን ያጠፋው ግዴለሽ ሰው ቢሆን ይቅር ባልኩት ነበር፤ ያጠፋው ግን በጽዳት ስም የመጣ ሰው ነው።

ማዳም ስትመለስ እናቴ ቤት ሆና አልጠበቀቻትም፤ ሌላ ሰው ሳይቀድማት ራሷ ልትነግራት ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄደች። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። አብራት የሄደችው እህቴ፣ እናታችን ቀቢዎቹ ውሃውን ሲቀዱ አንዲት ትንሽ ዓሣ በእጇ አፍሳ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ እንደ ደበቀችና ያችን በባልዲ ይዛ እንደ ሄደች ትምላለች። እኔ በቤታችን እንዲህ ያለ ዓሣ ማየቴን አላስታውስም። እናቴም እስከ ዕለተ ሞቷ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ዝምታዋ አደራዋን የመለሰች ሰው ዝምታ ይሁን ያልመለሰች፣ ልለየው አልቻልኩም።

የቀረው ፎቶግራፉ ነው። ያነሣቻት ማዳም ናት፤ ከተመለሰች በኋላ። እናቴ ከነጩ ገንዳ አጠገብ ቆማለች፤ ከእግሯ ሥር ሳፋ አለ፤ በሳፋው ውሃ ውስጥም አንድ ጥቁር ነገር ይታያል። እህቴ ዓሣዋ ናት ትላለች። በማጉያ መነጽር ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የኒም ቅጠልም ሊሆን ይችላል።