ጀርመንን አንድ ያደረግንበት ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የሰሊጥ አጨዳ እንደተጀመረ፣ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ከሱቄ በር ላይ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ስለሚያበሽቀኝ እስቲ ለአንባቢም ልንገረውና ይውጣልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሰዓት ከሰዓት እዚያው በር ላይ የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ጎንደር ታሪክ ያስተምሩ የነበሩ መምህር ናቸው፤ እዚህ የደምቢያ ልጆችን ማኅበር ይመራሉ። ሌላው ይመር የሚባል ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱ ደግሞ የወሎዎቹ ሊቀ መንበር ነው። የዚያን ዕለት መምህር የያዙት ወሬ ጀርመኖች እንዴት አንድ ሕዝብ እንደሆኑ ነበር።

«ድሮ ጀርመን የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም» አሉ። «በየጎጡ መስፍን፣ በየመስፍኑ ኬላ። መጀመሪያ ኬላውን አነሱ...»

ነጋዴ ነኝና የኬላው ነገር ጥሞኝ ሳዳምጥ አንዲት ራክሻ፣ ያው ያገራችን ባጃጅ፣ መጥታ ቆመች። ሾፌሩ አንድ ወጣት ደግፎ አወረደና በረንዳዬ ላይ አስተኛው። ከቁረይሻ እርሻ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ወባ ጥሎታል። ሐኪም ቤት «ደም የሚሰጥ ዘመድ ይምጣ» ስላሉት ሾፌሩ ሐበሻ ፍለጋ ይዞት ዞሯል። «ያገርህ ሰው ነው፣ ኸላስ፣ በቃ» ብሎኝ ሄደ።

«የየት ልጅ ነህ?» አለው ይመር።

«አርማጭሆ» አለ ልጁ በጭንቅ።

የሁለቱም አገር ልጅ አይደለምና ሁለቱም እፎይ አሉ። የኛ ነገር እንዲህ ነው፤ የታመመንም የሞተንም የሚያነሳው የአገሩ ልጆች ማኅበር ነው። ሌላው ቀድሞ እጁን ካስገባ «ናቃችሁን» ተብሎ ኩርፊያ ይመጣል። ይመር ለአርማጭሆዎቹ ሊቀ መንበር ደወለ። አይነሳም። ደግሞ ደወለ።

«ሐጂ፣ ትንሽ እንታገሥ፤ ቀድመን ብንነካው ሰዎቹ ይቀየማሉ» አሉኝ መምህር። ይህን ብለው ወደ ጀርመናቸው ተመለሱ! ባቡር ዘረጉ፤ ዴንማርክን ወጉ፤ ኦስትሪያን አሸነፉ። ልጁ አጠገባቸው ያቃስታል። ይመር ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ባቫሪያዎቹስ እንዴት እሺ አሉ?» ይላል። ፈረንሳይን ድል አድርገው፣ እዚያው በፈረንሳዮች ቤተ መንግሥት የፕሩሲያውን ንጉሥ ንጉሠ ነገሥት ሲያሰኙት ትዕግሥቴ አለቀ።

«መምህር! ያን ሁሉ መስፍን አስማምተው አንድ አገር አደረጉልን፤ ይኸን አንድ ልጅ ማን ያንሳው? ስልክ እስኪነሳ ይሙት?» ብዬ ጮህኩ።

ሱቄን ዘግቼ ልጁን በሌላ ራክሻ ጫንኩት። ሙስተሽፋ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ስንደርስ ነርሷ ምኔ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አኹይ፣ ወንድሜ ነው» አልኳት። የኔ ደም አልገጠመም። ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ ስቆም መምህርና ይመር እያለከለኩ ደረሱ። የመምህር ገጠመ። መርፌው ክንዳቸው ላይ ተሰክቶ እንኳ «አርማጭሆዎቹን እኔ ራሴ አስረዳቸዋለሁ» ይሉ ነበር።

ልጁ ዳነ። የአርማጭሆዎቹ ሊቀ መንበር በማግሥቱ ሰዎቹን አስከትሎ መጣና «በኛ ልጅ ምን አገባችሁ?» ብሎ ክፍሉን በጩኸት ሞላው። እስከ ዛሬም በሱቄ ሲያልፍ ፊቱን ያዞርብኛል።

በፊት ይከነክነኝ ነበር፤ አሁን ግን ያኮረፈ ያኩርፍ ብያለሁ። የዚያን ዕለት ትንሽ ብንቆይ ኖሮ ማንም አይቀየምም ነበር፤ ያገሩ ልጆች በወጉ ይቀብሩት ነበር።